የባንኬሮ ማሊያ ወይስ የጃባሪ ስሚዝ? ከመክፈላችሁ በፊት

ሲያትል የምንኖር ሰዎች የኤንቢኤ (የአሜሪካ ቅርጫት ኳስ ሊግ) ቡድን የለንም። ቡድናችን ሱፐርሶኒክስ እ.ኤ.አ. በ2008 ወደ ኦክላሆማ ሲቲ ከተወሰደ ወዲህ እዚህ ያደጉ ልጆቻችን የሚመርጡት ቡድን ሳይሆን ሰው ነው። ሰው ደግሞ ይሸጣል፣ ቁጥር ይቀይራል፤ ማሊያው ቁም ሣጥን ውስጥ ይቀራል። ከቅዳሴ በኋላ ሻይ ስንጠጣ "ለልጄ የፓኦሎ ባንኬሮን ልግዛለት ወይስ የጃባሪ ስሚዝን?" ብለው የጠየቁኝ ወላጆች ስለበዙ አንድ ጊዜ ልጻፈውና ልረፍ።

መልሴን ላስቀድም፤ ባንኬሮን ግዙ። የሲያትል ልጅ መሆኑ፣ እዚሁ ኦዴይ ትምህርት ቤት መጫወቱ ጥቂት አድልዎ አሳድሮብኝ ይሆናል፤ አልክድም። ዋናው ምክንያቴ ግን ኪሴ ነው።

በ2022ቱ ድራፍት (ቡድኖች አዳዲስ ተጫዋቾችን በተራ የሚመርጡበት) ኦርላንዶ ባንኬሮን አንደኛ፣ ሂውስተን ስሚዝን ሦስተኛ አድርገው ወሰዱ። ሁለተኛው የሄደው እኛን ትቶ ወደ ኦክላሆማ ወደ ኮበለለው ቡድን ስለሆነ አላነሣውም። ያን ጊዜ እኔ የስሚዝ ሰው ነበርሁ። እስከ ምርጫው ዋዜማ ድረስ አንደኛ ይሆናል ሲባል የነበረው እሱ ነው፤ ውርወራውም ለዓይን ያምራል። ስለዚህ ለልጄ ቁጥር 1 የስሚዝ ማሊያ አዘዝሁለት። ዋናው 120 ዶላር ገደማ ሲሸጥ ኢንተርኔት ላይ በ35 አገኘሁና 85 ዶላር ያተረፍሁ መስሎኝ ደስ አለኝ። በሁለተኛው እጥበት ከስሙ ላይ አንድ ፊደል ተላጠ። የማውቃት ልብስ ሰፊ ዘንድ ወሰድሁት፤ በ20 ዶላር ሁሉንም ፊደላት ዙሪያቸውን ሰፋችልኝ፤ ጨርቁ ግን ስስ ስለነበር መርፌው ባለፈበት ሁሉ ተጨማደደ። ልጁ አፍሮ አልለብስም ሲል 120ውን ከፍዬ ዋናውን ገዛሁ። ድምር 175 ዶላር። በ2023 ክረምት ደግሞ ስሚዝ በኮሌጅ ወደ ለበሰው ቁጥር 10 ተመለሰ፤ 1 ቁጥርን አዲስ የመጣው አሜን ቶምፕሰን ወሰደው። ልጄ የአንዱን ስም ከሌላው ቁጥር ጋር ለብሶ ቀረ።

ወደ ሜዳው እንግባ። ሁለቱም ረጃጅም ፎርዋርዶች ናቸው፤ ሥራቸው ግን ለየቅል ነው። ባንኬሮ ኳሱ በእጁ ሲሆን ነው ባንኬሮ የሚሆነው። ከላይ ይቀበላል፣ ተከላካዩን በትከሻው እየገፋ ይገባል፣ ወይ ያስቆጥራል ወይ የቅጣት ውርወራ ያገኛል ወይ ያቀብላል። በ2024-25 በጨዋታ 25.9 ነጥብ አስቆጥሯል። በዚያው ዓመት ጥቅምት መጨረሻ ኢንዲያና ላይ 50 ነጥብ አግብቶ፣ በቀናት ውስጥ የጎኑ ጡንቻ ተቀዶ 34 ጨዋታ አምልጦታል። ጉድለቱ ባለ ሦስት ነጥብ ውርወራው የማያስተማምን መሆኑ ነው። ቡድኑም በዚያ ዓመት በዚህ ውርወራ ትክክለኛነት ከሊጉ የመጨረሻው ስለነበር፣ ተከላካዮች ሁሉ ቅርጫቱ ሥር ተሰብስበው ይጠብቁታል፤ እሱ ሦስት ሰው መሐል ሰንጥቆ ይገባል። ኦርላንዶ ይህን ዐይቶ በ2025 ክረምት አራት የመጀመሪያ ዙር የድራፍት ዕድሎችንና ተጫዋቾችን ሰጥቶ ዴዝሞንድ ቤን የተባለውን ተኳሽ ከሜምፊስ አመጣ። ለአንድ ሰው መንገድ ለመጥረግ ይህን ያህል የከፈለ ቡድን ያን ሰው በቶሎ ይሸጣል ብዬ አላስብም።

ስሚዝ ኳስ እስኪመጣለት የሚጠብቅ ነው። ጥግ ላይ እግሩን አስተካክሎ ይቆማል፤ የቡድን ጓደኛው ሼንጉን ወይም ቶምፕሰን ተከላካዮችን ሲስብ ኳሱ ይመጣለታል፣ ይወረውራል። በ2024-25 በጨዋታ 12 ነጥብ ገደማ ነበረው። አልንቀውም፤ ሂውስተን በዚያ ዓመት 52 ጨዋታ አሸንፎ በምዕራቡ ምድብ ሁለተኛ ሲሆን የእሱ መከላከል ድርሻ ነበረው። ነገር ግን በጥር 2025 እጁ ተሰብሮ ሲመለስ ተጠባባቂ ወንበር ላይ ተቀመጠ፤ በክረምቱ ደግሞ ታዋቂው አስቆጣሪ ኬቨን ዱራንት መጣ። ዱራንት የሚወረውረው ኳስ ከአንዱ ድርሻ መቀነሱ አይቀርም፤ መጀመሪያ የሚቀነሰው ደግሞ ቆሞ ኳስ ከሚጠብቀው ነው። አሠልጣኝ እንዲህ ያለውን ተጫዋች ይወዳል፤ ሶፋ ላይ ተቀምጦ ኳስ እስኪደርሰው የሚጠብቅ የአሥር ዓመት ልጅ ግን ይሰለቻል።

ሁለቱም በ2025 ክረምት አምስት አምስት ዓመት ፈርመዋል፤ ባንኬሮ ቢያንስ በ239 ሚሊዮን ዶላር፣ ስሚዝ በ122 ሚሊዮን። ለክለብ የስሚዝ ዋጋ መልካም ነው። ለማሊያ ገዢ ግን የሚያሰጋው ይኸው ነው፤ ትልቅ ዝውውር ሲደረግ ሚዛን ለማስተካከል የሚጨመሩት እንዲህ ያሉ መካከለኛ ውሎች ናቸው። በርግጥ ታላቁ ኮከብ ዶንቺች ራሱ በየካቲት 2025 ከዳላስ ወደ ሎስ አንጀለስ ሲሄድ ዐይተናል፤ ፍጹም ዋስትና የለም። ልጃችሁን አሠልጣኙ ጥግ ላይ አቁሞት የሚያለቅስ ከሆነ ብቻ የስሚዝን ግዙለት፤ ይጽናናበታል።

ስለ ዋጋ። ኦርላንዶ በ2025 ክረምት አርማውንም ማሊያውንም ስለቀየረ የድሮው ዲዛይን ዋጋ ወርዷል፤ እኔ ዋናውን 5 ቁጥር በ60 ዶላር አግኝቻለሁ። አዲሱን ዲዛይን በ35 ዶላር የሚሸጥላችሁ ካለ ፎርጅድ ነው፤ አትከራከሩት፣ እለፉት። በእጃችሁ ከያዛችሁት የቁጥሩን ጠርዝ በጥፍር ነካ አድርጉ፤ ከተነሣ መልሱት። በልብሱ ልክ አንድ ቁጥር አስበልጣችሁ ውሰዱ፤ ገልብጣችሁ በቀዝቃዛ ውኃ እጠቡ፤ ማድረቂያ ማሽን ውስጥ ፈጽሞ አታስገቡ።

ያ የ35 ዶላሩ ማሊያ አሁን የመኪናዬ መወልወያ ነው። እሱንም በደንብ አይሠራም፤ ውኃ አይመጥም።