ለተላገ የጣውላ ወለል የቱ ይሻላል? ሰም፣ ዘይት ወይስ ቫርኒሽ

ጣውላው ተልጎ ሲወጣ ያምራል፤ ግን ባዶውን ብዙ አይቆይም። የፈሰሰ ቡናም፣ የጫማ ጭቃም ወዲያው ይመጠዋል። ቀለም ቤት ከመሄዳችሁ በፊት ወለላችሁ ላይ ምን እንደሚወድቅ አስቡ። ጎንደር ከሆናችሁ መልሱ ይታወቃል፤ ቡና ይፈላል፣ እርጥብ ቄጤማ ይጎዘጎዛል፣ ከማንደጃው ፍም ይፈናጠራል፣ ክረምት ሲገባ ደግሞ ጭቃው አለ።

ሰም ርካሽ ነው፣ ሲወለወልም ያበራል። ለሳሎን ግን አልመክርም። ውሃ ከቆየበት ነጭ ምልክት ያወጣል፣ እርጥብ ቄጤማ ደግሞ ለሰዓታት ይቆያል። በዚያ ላይ ያንሸራትታል፤ እማማ ወይም አባባ ያሉበት ቤት ይሄ ቀልድ አይደለም። ኋላ ሐሳባችሁን ቀይራችሁ ቫርኒሽ ልቀባ ብትሉም ሰም የገባበት እንጨት አይቀበልም፣ ስለዚህ ሰሙን ማስለቀቅ፣ ብዙ ጊዜም እንደገና ማስላግ ይመጣል።

የተልባ ዘይት እንጨቱ ውስጥ ይሰርጋል እንጂ ላዩ ላይ ሽፋን አይሠራም። ከውሃ የሚከላከለው ከቫርኒሽ ባነሰ ነው፣ በየጊዜው መደገምም ይፈልጋል። ግን ትልቅ ጥቅም አለው፦ ፍም ወድቆ ቢያጠቁረው ያቺን ቦታ ብቻ በብርጭቆ ወረቀት ፈግፍጋችሁ ዘይት ትደግሙላታላችሁ፣ ያልቃል። ለምግብ የተጨመቀውን ጥሬ ዘይት አትቀቡ፤ ለመድረቅ ቀናት አንዳንዴም ሳምንታት ይፈጃል። ማድረቂያ የተጨመረበትን፣ ለእንጨት የተዘጋጀውን ግዙ።

ይሄን ደግሞ አደራ። ዘይቱን የጠረጋችሁበትን ጨርቅ ጨምድዳችሁ ጥግ ላይ አትተዉት። የተልባ ዘይት ሲደርቅ ሙቀት ያወጣል፣ የተጨማደደ ጨርቅ ውስጥ ሙቀቱ መውጫ ስለሚያጣ ክብሪት ሳይነካው ሊነድ ይችላል። ውጭ ነጠል አድርጋችሁ አስጡት ወይም ውሃ ውስጥ ንከሩት።

ፖሊዩሪቴን ቫርኒሽ፣ ማለትም እንጨቱ ላይ እንደ ፕላስቲክ ያለ ሽፋን የሚሠራው፣ ሁለት ዓይነት ነው። ዘይት ነክ የሆነው ጠንካራ ነው፣ እንጨቱን ወደ ማር መልክ ይወስደዋል፣ ሽታው ግን ከባድ ነው፤ አንዱ እጅ እስኪደርቅ ከ8 እስከ 24 ሰዓት ይፈልጋል፣ ሙሉ በሙሉ ለመጠንከር ደግሞ ወር ያህል። በውሃ የሚሠራው በጥቂት ሰዓት ይደርቃል፣ ሽታው ቀላል ነው፣ የእንጨቱንም ቀለም ብዙ አይለውጥም። ብዙ ጊዜ ዋጋው ይበልጣል። ልጆች ይዛችሁ የምታድሩበት ሌላ ቤት ከሌላችሁ ግን ተጨማሪው ብር አይቆጭም።

ቡና ለሚፈላበት ሳሎን እኔ የምመርጠው ዘይት ነኩን ፖሊዩሪቴን ነው፣ ያውም ብዙ የማያብረቀርቀውን፣ ምክንያቱም የሚያብረቀርቀው የወንበር ጭረት ሁሉ ያሳያል። የሱ ድክመት ፍም ነው፤ አንድ ቦታ ቢቃጠል ጥገናው ከሌላው ወለል ተለይቶ ይታያል፣ ስለዚህ ማንደጃው ሥር ሰፋ ያለ ትሪ ይኑር። ለመኝታ ቤት ዘይት ይበቃል።

ከሰኔ እስከ ነሐሴ ባትቀቡ ይሻላል፤ እርጥበቱ ማድረቁን ያጓትተዋል። ከጥቅምት በኋላ ይሁን፣ ግን በበጋ አቧራ አለና መጀመሪያ ወለሉን በደንብ ጥረጉ። አንድ ሊትር 10 ካሬ ሜትር ገደማ ይሸፍናል። 4 በ4 ለሆነ ክፍል ሦስት እጅ ለመቀባት 5 ሊትር ያዙ፣ መሀል ላይ እንዳያልቅባችሁ አንዴ ግዙት።