ባሕር ዳር ላይ ሳይድ ሎደር ልትገዙ ያሰባችሁ፣ ቀብድ ከመክፈላችሁ በፊት ይህን አንብቡ

ሰሞኑን በከተማችን አንድ ያገለገለ ሳይድ ሎደር (ረጅም ዕቃ በጎኑ የሚያነሳ ፎርክሊፍት) በደላላ እየዞረ ነው። «አራት ቶን ያነሳል፣ ሙሉ ሰርቪስ ተደርጎለታል» ይላሉ። ወንድሜ አባይ ማዶ ላለው የፌሮና የቱቦላሬ መጋዘኑ ሊገዛው ቀብድ ከፍሏል። ማሽኑ ግን የተባለለት አይደለም። ቀብዱም እስካሁን አልተመለሰም። ሌላ ሰው እንዳይሸወድ ብዬ ነው የምጽፈው።

ፌሮ ሻጭ ይህን ማሽን ለምን እንደሚፈልገው ይገባኛል። ፌሮ 12 ሜትር ነው። ተራ ፎርክሊፍት ከፊቱ አግድም ይዞት ስለሚሄድ ከ12 ሜትር በላይ የሚሰፋ መተላለፊያ ይፈልጋል። ጫፎቹም እየተወዛወዙ ሰው ይመታሉ። የሳይድ ሎደር ሹካ ግን በጎኑ ነው። ጭነቱን ከጎን አንስቶ ወደ ራሱ ይስብና በራሱ በማሽኑ ወለል ላይ ያሳርፈዋል። ከዚያ ፌሮውን በርዝመቱ አስተኝቶ በጠባብ በር ይገባል። ለአጣናም ለቧንቧም እንደዚያው። ጥሩ ማሽን ነው፣ ደህናውን ካገኛችሁ።

የዚህኛው ጉድ እግሩ ላይ ነው። ሳይድ ሎደር ሲያነሳ ክብደቱ ወደ አንድ ጎን ይጎትተዋል። ስለዚህ ብዙዎቹ በሚያነሱበት በኩል መሬት የሚረግጡ የሃይድሮሊክ እግሮች አሏቸው። እግር ባለው ማሽን ትልቁ የአቅም ቁጥር የሚሠራው እግሮቹ ሲወርዱ ነው፤ ካልወረዱ የሚፈቀደው ያንሳል። ብየዳ የሚያውቅ ልጅ ይዘን ሄደን ከማሽኑ ወለል ሥር ገብተን አየን። እግሮቹ ተቆርጠዋል። የተቆረጠበት ቦታ ተሞርዶ ቢጫ ቀለም ተቀብቷል። የሃይድሮሊክ መስመሮቹ ጫፍ በብሎን ተደፍኗል። የአቅም ሰሌዳ የተባለውም አዲስ ስቲከር ነው፤ አጠገቡ የድሮው ሰሌዳ የተነቀለበት ቀዳዳ ይታያል። ሻጩን ስንጠይቀው «እዚህ አገር እግር አያስፈልግም» አለን። በእኛ ዋልካ፣ በክረምት ጭቃ! ኦፕሬተሩኮ የሰው ልጅ ነው።

ሲያሳዩአችሁ ኮንክሪት ላይ ጥቂት ፌሮ ያነሳሉ። እናንተ ቁጠሩ። ባለ 12 ሚሊ ፌሮ አንዱ 10.66 ኪሎ ግድም ነው፤ መቶው ገና አንድ ቶንን ትንሽ ያልፋል። ለእኛ የተነሳው አንድ ቶንም አይሞላም ነበር። ታዲያ እግር በሌለው ማሽን አራት ቶን እንሞክር እንዳትሉ፤ ይገለበጣል። ይልቅ ሞዴሉንና የቼሲስ ቁጥሩን ከጉምሩክ ዲክላራሲዮኑ ጋር አመሳክሩ፤ አቅሙንም አምራቹን ጠይቁ። ሹካው የሚታጠፍበት ቦታ ውፍረቱ 10 በመቶ ካለቀ ሹካው መጣል አለበት። ሹካውን የሚያነሳው ሰንሰለትም 3 በመቶ ከረዘመ ይቀየራል። ሁለቱንም ለክታችሁ እዩ።

ስለ ቀብዱ ደግሞ። በፍትሐ ብሔር ሕጋችን፣ በውሉ ሌላ ስምምነት ከሌለ፣ ቀብድ የሰጠ ሰው ውሉን ከተወ ቀብዱን ያጣል። የተቀበለው ከተወ እጥፍ ይመልሳል። ሻጩ «እናንተ ናችሁ የተዋችሁት» የሚለን ይህን ይዞ ነው። ስለዚህ «ማሽኑ በአምራቹ የተጻፈውን አቅምና ሙሉ ዕቃዎቹን ይዞ ካልተገኘ ቀብዱ ወዲያው ይመለሳል» የሚል አንቀጽ ውሉ ላይ አስገቡ። የወንድሜ ውል ላይ ይህ የለም፤ ጉዳዩን ጠበቃ ይዞታል።