ለሰፈራችን ጤና ጣቢያ ሲስተር የቀረበ ምስጋና

ባለፈው ወር ልጆቼን ያከመችልኝን ሲስተር ከልብ አመሰግናለሁ። የ7 ዓመቱ ልጄ ጉሮሮውን አሞት ምራቅ መዋጥ አቅቶት ነበር፤ የ2 ዓመት እህቱም ታስላለች፣ ንፍጧም ይወርዳል። ጎረቤቶቼ ለልጁ እንጥል ማስቆረጥ ይሻላል ሲሉኝ፣ እኔ ደግሞ አሞክሲሲሊን ገዝቼ ለሁለቱም ላካፍል አስቤ ነበር።

ሲስተር ልጁን «አ» አስብላ በባትሪ ካየችው በኋላ «እናቱ፣ ነይ አንቺም እይው» አለችኝ። ቶንሲሉ ቀልቶ አብጧል፤ ላዩ ላይ ነጫጭ ነጠብጣብ አለ። ትኩሳት እያለው ሳል የለውም፤ የአንገቱ እጢዎችም ሲነኩ ያሙታል። የልጆች የጉሮሮ ሕመም በአብዛኛው በቫይረስ እንደሚመጣና አንቲባዮቲክ እንደማይፈውሰው፣ ስትሬፕቶኮከስ የተባለው ባክቴሪያ ግን ይበልጡን ከ5 እስከ 15 ዓመት ያሉትን እንደሚይዝ፣ ምልክት ብቻውን እርግጠኛ ባያደርግም የላቦራቶሪ ምርመራው በማይገኝበት ቦታ አገናዝቦ መወሰን ግድ እንደሆነ ነገረችኝ።

ቶንሲል ልብ ይነካል ሲባል እሰማ ነበር፤ እንዴት እንደሆነ የገባኝ ግን ያን ዕለት ነው። ባክቴሪያው ሳይታከም ከቀረ፣ ከ2 እስከ 3 ሳምንት ቆይቶ የሰውነት መከላከያ በራሱ ላይ ተነሥቶ መገጣጠሚያንና የልብን በር ሊጎዳ ይችላል፤ ሕመሙ በጀመረ በ9 ቀን ውስጥ ሕክምና መጀመር ይህን ይከላከላል። ፔኒሲሊን ተቆጥቶት እንደሆነ ከጠየቀችኝ በኋላ፣ አንድ ጊዜ የሚሰጠውን የቤንዛቲን ፔኒሲሊን መርፌ ወይም የ10 ቀን አሞክሲሲሊን እንድመርጥ አደረገች። አሞክሲሲሊኑን ስመርጥ በወረቀት ላይ 20 ትንንሽ ሳጥኖች ሥላ፣ ጠዋትና ማታ በወሰደ ቁጥር አንዷን እንዲያጠቁር ለልጄ ሰጠችው፤ ትኩሳቱ ሲበርድ መድኃኒቱን የሚያቋርጥ ቤተሰብ ብዙ ነውና።

ለታናሿ አንቲባዮቲክ አላዘዘችም። ፈሳሽ በብዛት፣ ካተኮሳት በክብደቷ ልክ ፓራሲታሞል፣ ዓመት ስላለፋት ደግሞ ማር በለብ ያለ ውኃ በቂ ነው አለች፤ ለሃጯ ከተዝረከረከ፣ መጠጣት ካቃታት ወይም መተንፈስ ካስቸገራት ግን በፍጥነት እንድመልሳት አስጠነቀቀችኝ። እንጥል መቁረጥ ደም መፍሰስንና እንደ ቴታነስ ያለ ኢንፌክሽንን እንጂ ፈውስ እንደማያመጣም በትዕግሥት አስረዳችኝ፤ ይህንኑ ለጎረቤቶቼ ነግሬያቸዋለሁ።

ልጄ በ4ኛው ቀን ኳስ ይዞ ቢወጣም 20ውንም ሳጥን አጥቁሮ ጨርሷል። ሲስተር፣ እግዚአብሔር ይስጥልን። ሳልጠይቃት ስሟን እዚህ መጻፍ ስላልወደድኩ፣ የአካባቢያችን ወላጆች በውስጥ መስመር ብትጠይቁኝ እጠቁማችኋለሁ፤ የካርድ ክፍሉ ሰልፍ ስለሚረዝም በጠዋት ሂዱ።