ከጥሬ ቡና ዋጋ በታች የሚሸጠው «ንጹህ የይርጋጨፌ ቡና ከነብስኩቱ»፦ ገንዘብ ከመላካችሁ በፊት

ሰሞኑን በቴሌግራም ላይ በስፋት እየተዘዋወረ ያለ አንድ የሽያጭ ማስታወቂያ አለ። አንድ ኪሎ «ንጹህ፣ ኤክስፖርት ስታንዳርድ የይርጋጨፌ ቡና» ተቆልቶና ተፈጭቶ፣ ከአንድ ካርቶን የቅቤ ብስኩት ጋር፣ ያለ ማድረሻ ክፍያ ቤት ድረስ እንደሚመጣ ይገልጻል፤ የሦስት ወሩን አስቀድሞ ለሚከፍል ደግሞ ተጨማሪ ቅናሽ ይሰጣል። ኑሮ በተወደደበት በዚህ ጊዜ ቡናውንም ጣፋጩንም በአንድ ዋጋ ማግኘት የሚያጓጓ በመሆኑ፣ በየወሩ ለቡና የሚያዋጡ የመሥሪያ ቤት ሠራተኞች እያዘዙት ነው። በእኛም መሥሪያ ቤት በመዋጮ ተገዝቶ መጥቷል። ይህን የምጽፈው ገና ያልከፈላችሁ ሰዎች ሒሳቡን አስቀድማችሁ እንድትመረምሩት ነው።

ሒሳቡ የሚጀምረው ከምጣዱ ነው። ጥሬ ቡና ሲቆላ በውስጡ ያለው እርጥበት ስለሚተንና ስስ ሽፋኑም ስለሚረግፍ፣ እንደ አቆላሉ ከክብደቱ ከ15 እስከ 20 በመቶ ያህሉን ያጣል። ስለዚህ አንድ ኪሎ የተቆላ ቡና ለማግኘት አንድ ኪሎ ጥሬ አይበቃም። ለምሳሌ ጥሬው በኪሎ 800 ብር የሚገዛ ቢሆን፣ በአንድ ኪሎ የተቆላ ቡና ውስጥ ያለው የጥሬ ቡና ወጪ ብቻ ከ940 እስከ 1,000 ብር ይደርሳል። በዚህ ላይ ለቀማው፣ መብራቱ ወይም ከሰሉ፣ ወፍጮው፣ ከረጢቱ፣ የሞተረኛው ክፍያና የነጋዴው ትርፍ ገና አልታሰቡም፤ ብስኩቱም ከነጭራሹ አልተነሣም። በማስታወቂያው ላይ ግን ጥቅሉ በሙሉ የሚሸጠው በየሠፈሩ ሱቅ አንድ ኪሎ ጥሬ ቡና ከሚሸጥበት ዋጋ ባነሰ ነው። በጅምላ የሚገዛ ነጋዴ ከእኛ በረከሰ ዋጋ እንደሚያገኝ አልክድም፤ ይሁን እንጂ ያ ልዩነት ይህን ሁሉ ወጪ ሸፍኖ በላዩ ላይ ብስኩት ሊያስመርቅ አይችልም። የጎደለውን ኪሎ የሚሞላ ሌላ ነገር መኖሩ ግድ ነው።

የሚሞላው ነገር ምን እንደሆነ ቡና ጠጪ ሁሉ ያውቀዋል። ገብስ፣ ሽምብራ ወይም ባቄላ ጠቁሮ እስኪያር ተቆልቶ ከተፈጨ ከቡና ዱቄት በዓይን ለመለየት አስቸጋሪ ነው። የገብስ ቡና መጠጣት በራሱ ነውር የለበትም፤ ቡና የማይስማማቸው ሰዎች ስሙን ጠርተው፣ አውቀው ይጠጡታል። ጥፋቱ ገብሱን በቡና ስም መሸጡ ላይ ነው።

ወደ እኛ የመጣው ከረጢት ሲከፈት የሸተተው የማረር ሽታ እንጂ የቡና መዓዛ አልነበረም። ዱቄቱ ጀበና ውስጥ ገብቶ ሲፈላ እንደ አጥሚት ወፍሮ ገነፈለ፤ አቦሉ ጥቁርና መራራ ሲሆን፣ ቶናው ድፍርስ ውኃ ብቻ ሆኖ ስለተገኘ በረካ ድረስ የታገሠ ሰው አልነበረም። በማግሥቱ ያልተከፈተው ሁለተኛ ከረጢት በሠፈር ሱቅ ሚዛን ላይ ሲቀመጥ፣ «1 ኪሎ» የሚል ጽሑፍ ታትሞበት እያለ ከነማሸጊያው 900 ግራም እንኳን አልሞላም። ሻጩ ሲጠየቅ በመጀመሪያ «የአቆላል ስልታችን ነው» አለ፤ ቀጥሎ ቡና እንደ ወቅቱ እንደሚለያይ አስረዳ፤ ስለ ክብደቱ ስንጠይቀው ግን መልስ መስጠቱን አቆመ።

ጥርጣሬ ያደረበት ሰው ቤቱ ሊያደርገው የሚችል ቀላል ሙከራ አለ። በብርጭቆ ቀዝቃዛ ውኃ ላይ አንድ ማንኪያ ዱቄት ሳያማስሉ መነስነስ ነው። ንጹህ ቡና ዘይትነት ስላለው አብዛኛው ለተወሰነ ጊዜ ከላይ ይንሳፈፋል፣ ውኃውንም ቀስ እያለ ነው የሚያቀልመው፤ ባዕድ ነገር የበዛበት ዱቄት ቶሎ ይሰምጣል፣ ውኃውንም ወዲያው ያጠቁረዋል። ይህ ፍንጭ እንጂ ማስረጃ አይደለም፤ በጣም የላመ ንጹህ ቡናም ቶሎ ሊሰምጥ ስለሚችል፣ በዚህ ብቻ ማንንም መክሰስ ተገቢ አይሆንም። ቁርጡን የሚናገረው ላቦራቶሪ ነው።

«ይርጋጨፌ» የሚለው ስም በከረጢቱ ላይ የተጻፈውም ያለ ምክንያት አይደለም። በጌዴኦ ዞን የሚበቅለው ይህ ቡና ዓለም የሚያውቀው ስም በመሆኑ፣ የኢትዮጵያ መንግሥት እ.ኤ.አ. በ2005 ከሲዳሞና ከሐረር ጋር በአሜሪካ በንግድ ምልክትነት ለማስመዝገብ ማመልከቻ አቅርቦ ነበር፤ በዚሁ ሳቢያ ስታርባክስ ከተባለው የአሜሪካ የቡና ኩባንያ ጋር የተነሣውም ውዝግብ በ2007 በስምምነት ተቋጭቷል። ታጥቦ የተዘጋጀ ይርጋጨፌ የሚደነቀው በአበባ መሰል መዓዛውና ወደ ሎሚ በሚያደላ ቀለል ያለ ጣዕሙ ነው። ይህን ጣዕም ለመሸጥ የሚፈልግ ሰው ቡናውን ከሰል እስኪመስል አያከስለውም፤ ከሰል ያህል ያከሰለው ሰው የሚሸፍነው ነገር አለው ብዬ አምናለሁ። «ኤክስፖርት ስታንዳርድ» የሚለውም አባባል ቢሆን፣ አገር ውስጥ ገበያ የሚቀርበው ቡና በብዛት ለውጭ ገበያ ከተመረጠው የተረፈው መሆኑን ለሚያውቅ ሸማች ጥያቄ ሊያስነሣበት ይገባል፤ ያውም በዚህ ዋጋ።

ስለ ብስኩቱ ብዙ የምለው የለኝም፤ አንድ ነገር ግን ሳልጠቅስ አላልፍም። ያው ካርቶን በፍስክ ወቅት «በንጹህ የአገር ቤት ቅቤ የተጋገረ» ተብሎ ሲተዋወቅ ቆይቶ፣ ዐቢይ ጾም ሲገባ በዚያው ፎቶግራፍ «ለጾም የሚሆን» ተብሎ ወጥቷል። ሁለቱም እውነት ሊሆኑ አይችሉም። አንደኛው ቅቤ ፈልጎ የከፈለውን ሰው ያታልላል፤ ሌላው ጿሚውን ያስገድፋል። በካርቶኑ ላይ የግብዓቶቹ ዝርዝር ስለሌለ የትኛው እንደሆነ ማወቅ አይቻልም፤ የአምራቹ አድራሻም ሆነ የምርቱ መለያ ቁጥር አልተጻፈም።

በትንሽ ገንዘብ ጥሩ ቡና ለመጠጣት ለሚፈልግ ሰው ከዚህ ጥቅል የሚሻለው መንገድ ጥሬውን ገዝቶ ቤት መቁላት ነው። ጥሬ ቡና ባዕድ ነገር ቢቀላቀልበት በዓይን ይታያል፣ ለቅሞ ማውጣትም ይቻላል፤ ከእርጥበት ተጠብቆ ከተቀመጠም ለወራት ይቆያል፤ የተፈጨው ግን በጥቂት ቀናት ውስጥ መዓዛው ይሸሻል። ግማሽ ኪሎ ጥሬ ተቆልቶ ከ400 ግራም ያላነሰ ስለሚሰጥ፣ ለአንድ ሲኒ አቦል 8 ግራም ቢመደብ 50 ሲኒ ያህል ይወጣዋል። ከላይ በምሳሌነት ባነሣሁት ዋጋ ብናሰላው የአንዱ አቦል ቡና 8 ብር ገደማ ነው፤ ቶናውና በረካው ደግሞ ምርቃት ናቸው። የመቁያ ጊዜ የሌለው ሰው ዓይኑ እያየ ቆልተው ከሚፈጩለት ቤት ሩብ ሩብ ኪሎ እየገዛ ቢወስድ፣ ዋጋው ከጥቅሉ ቢበልጥም የከፈለው ለቡና ይሆናል። ለማጣጣሚያም ዳቦ ቆሎ ወይም ከመንገድ ዳር ትኩስ ቦምቦሊኖ ከዚያ ካርቶን ብስኩት እጅግ ይሻላል፤ ቦምቦሊኖው ቢያንስ በቅቤ ተሠራሁ አይልም።

ገንዘባችሁን አስቀድማችሁ ለከፈላችሁ፦ በንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 መሠረት ጉድለት ያለበት ዕቃ የገዛ ሸማች፣ ከገዛበት ቀን አንሥቶ በ15 ቀናት ውስጥ እንዲለወጥለት ወይም ገንዘቡ እንዲመለስለት ሻጩን መጠየቅ ይችላል። ስለዚህ ከረጢቱን ጨርሳችሁ አትጣሉ፤ የቀረውን ዱቄት ከነማሸጊያው አስቀምጡ፤ ማስታወቂያው ሳይሰረዝ ፎቶ አንሥታችሁ ያዙ፤ የቴሌብር ወይም የባንክ ማረጋገጫ መልእክቱንም አትሰርዙ። ክፍያው የተላከው በግለሰብ ስም ወደተከፈተ ሒሳብ ስለሆነና የተሰጠ ደረሰኝ ስለሌለ፣ ይህ መልእክት ብቸኛው ማስረጃችሁ ሊሆን ይችላል። ምግብን ከባዕድ ነገር መቀላቀል በምግብና መድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112/2011 የተከለከለ በመሆኑ፣ ጥቆማችሁን ለኢትዮጵያ ምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን በነጻ የስልክ መስመር 8482 ማቅረብ ትችላላችሁ፤ የሚዛንና የሐሰት ማስታወቂያ አቤቱታ ደግሞ ለየክፍለ ከተማው የንግድ ጽሕፈት ቤት ይቀርባል። በመዋጮ የገዛችሁ ከሆነ አቤቱታውን የሚፈርመው ገንዘቡን በስሙ የላከው ሰው ቢሆን ይመረጣል፤ የቀሩት አዋጪዎች በምስክርነት ሊፈርሙ ይችላሉ።