የሚዲያ ሰርቨርና የ2110 ኔትወርክ ሥራ ላላችሁ፦ ጥቆማና ምስጋና

ቨርጂኒያና ሜሪላንድ ውስጥ በኤልኢዲ ስክሪንና በቀጥታ ስርጭት ሥራ ላይ ላላችሁ ወገኖቼ አንድ ባለሙያ ልጠቁማችሁ። ኢትዮጵያዊ የኔትወርክ ኢንጂነር ነው። አሽበርን ባሉት ዳታ ሴንተሮች ለዓመታት ሠርቶ ነው ወደ ቪዲዮው የመጣው። የሚዲያ ሰርቨሮቻችን (ምስሉን ለስክሪኑ የሚያጫውቱት ኮምፒውተሮች) ኮምፕረስ ያልተደረገ፣ ማለትም ያልታመቀ ቪዲዮ በአይፒ ኔትወርክ እንዲልኩ ያደረገልን እሱ ነው። ስሙ በአደባባይ እንዲወጣ ስለማይፈልግ እዚህ አልጽፈውም። የፈለገ በውስጥ መስመር ይጻፍልኝ፣ አገናኛለሁ።

ድሮ ከሰርቨር ወደ ስክሪን ፕሮሰሰር (ምስሉን ለስክሪኑ የሚያከፋፍለው መሣሪያ) ምስል የምንልከው ኤስዲአይ በሚባለው የተለመደ የቪዲዮ ኬብል ነበር። ፎርኬ (ከኤችዲ አራት እጥፍ ፒክሰል ያለው ምስል) ሲመጣ ኬብሉ የሚደርስበት ርቀት አጠረብን። ስለዚህ ወደ ኤስኤምፒቲኢ 2110 ገባን። ከ2017 ጀምሮ የወጣ ስታንዳርድ ነው። ምስሉን፣ ድምፁንና ተጓዳኝ ዳታውን ለየብቻ በኔትወርክ ይልካል። ምስሉ ስለማይታመቅ ጥራቱ አይነካም፣ መዘግየቱም በጣም ትንሽ ነው።

መጀመሪያ የዘረጋልን አንድ ድርጅት ነበር። ከፍለን ተረከብን። ልምምድ ላይ ግን ስክሪኑ ድርግም ይላል፣ ተመልሶ ይበራል። ሰርቨር ቀየርን፣ ኬብል ቀየርን፣ ያው ነው። ስንደውልላቸው መልሱ ሁሌም «ችግሩ ሰርቨሩ ነው» ሆነ። ዝግጅቱ ደግሞ እየደረሰ ነበር።

ይህ ወንድማችን ሲመጣ አንድም ነገር አልነቀለም። ምን የት እንደተሰካ ጠየቀን፤ ወረቀት ላይ እየሳለ ሒሳቡን ሠራ። ፎርኬ በሰከንድ 60 ፍሬም፣ 10 ቢት፣ 4፡2፡2 (የቀለሙ አመዘጋገብ) ሲሆን ፒክሰሉ ብቻ በሰከንድ 9.95 ጊጋቢት ነው። የፓኬቱ ሄደር (በየዳታ ጥቅሉ ላይ የሚለጠፈው አድራሻና መረጃ) ሲታከልበት ከ10 ይበልጣል። 10 ጊጋቢት ፖርት ለአንድ ፎርኬ እንኳን የማይበቃው ለዚህ ነው። በ25 ጊጋቢት ሁለት ያልፋል። በሁለቱ ስዊቾቻችን (የኔትወርክ ማከፋፈያዎች) መሃል የነበረው መስመር 25 ነበር። ሁለት ሰርቨር ሲሠራ ሰላም ነው። ተጠባባቂው ሰርቨር ሲከፈት ግን ሦስተኛ ስትሪም (የምስል ፍሰት) ይጨመራል፣ መስመሩ ይሞላል፣ የሁሉም ምስል ይጎዳል። መድረሱን በማያረጋግጠው የዩዲፒ ፕሮቶኮል ስለሚላክ የጠፋ ፓኬት ተመልሶ አይላክም። መስመሩን 100 ጊጋቢት አደረገው። ስዊቾቹ ፖርቱ ነበራቸው፤ የጎደለው ፋይበሩ የሚሰካበት ሞጁልና ፋይበሩ ብቻ ነበር።

ድርግም ማለቱ ቀነሰ እንጂ አልጠፋም። ሌላ ሰው ቢሆን እዚህ ጋ ክፍያውን ተቀብሎ ይሄድ ነበር። እሱ የስዊቾቹን ሎግ ማንበብ ጀመረ። ምስልና ድምፅ ለየብቻ ስለሚጓዙ ሁሉም መሣሪያ አንድ ሰዓት መከተል አለበት። ሰዓቱን ፒቲፒ በሚባለው ፕሮቶኮል ከአንድ ግራንድማስተር (ዋና ሰዓት) ይቀበላሉ። የእኛው ከጂፒኤስ ጋር የተያያዘ ጥሩ መሣሪያ ነው። ታዲያ የድምፅ ክፍሉ ሚክሰር በተከፈተ ቁጥር ግራንድማስተርነቱን ይነጥቀው ነበር! መሣሪያዎቹ ሲመራረጡ መጀመሪያ የሚያዩት ፕራዮሪቲ 1 የሚባለውን ቁጥር ነው። ያነሰ ቁጥር ያለው ያሸንፋል። የሰዓቱ ጥራት የሚታየው ከዚያ በኋላ ነው። ሚክሰሩ ላይ የነበረው ቁጥር ከጂፒኤሱ ያነሰ ነበር። ብቻችንን ስንሞክር ደህና ሆኖ የድምፅ ሰዎች ሲመጡ የሚበላሸው ለካ ለዚህ ነው። የጂፒኤሱን ቁጥር ዝቅ አደረገ፣ ሚክሰሩን ተከታይ ብቻ እንዲሆን አዘዘው፣ ስዊቾቹን ባውንደሪ ክሎክ (ሰዓቱን ከዋናው ተቀብለው ለሌሎቹ የሚያስተላልፉ) አደረጋቸው። ከዚያ ወዲህ አንዴም ድርግም አላለም።

በዚህም አላበቃም። 2022-7 የሚባለውን መጠባበቂያ (አንዱ ምስል በሁለት መንገድ የሚላክበትን) ያዘጋጁልን የመጀመሪያው ድርጅት ሰዎች ሁለቱንም መንገድ በአንድ ስዊች ነበር ያሳለፉት። ያ ስዊች ከሞተ ሁለቱም አብረው ይሞታሉ። ሬድና ብሉ ብሎ በሁለት ስዊች ለየልን። ከዚያ አብረውን ከሚሠሩት ልጆች ትንሹን ጠርቶ «ና፣ የሬዱን ፋይበር ንቀል» አለው። ልጁ እጁ እየተንቀጠቀጠ ነቀለው። ስክሪኑ ላይ አንድ ፍሬም እንኳን አልጎደለም። ያን ቀን የተሰማኝን እፎይታ መግለጽ ይከብደኛል።

በጣም የማመሰግነው ደግሞ ስላስተማረን ነው። እያንዳንዱ ስትሪም በየትኛው መልቲካስት አድራሻ (ብዙ ተቀባዮች በጋራ የሚያዳምጡት) እንደሚወጣ፣ በየትኛው ፖርት እንደሚገባ ጽፎ ሰጠን። አሁን ልጆቻችን ፒቲፒውን ራሳቸው ያያሉ። ክበርልን ወንድሜ። እግዚአብሔር ይስጥልን።

ያላስፈለገውን ሥራ አይሸጥም። አንድ ወዳጄ ለቤተ ክርስቲያናቸው ስርጭት 2110 ፈልጎ አገናኘሁት። ሦስት ካሜራ፣ ሁሉም 1080 (ኤችዲ)። «ለዚህ ኤንዲአይ ይበቃችኋል። ምስሉን አምቆ ስለሚልክ ጥሩ የ1 ጊጋቢት ስዊች ይሸከመዋል» ብሎ ብር ሳይቀበል መለሰው። ይህን ስሰማ ይበልጥ አከበርኩት።

ዋጋው ርካሽ አይደለም፣ ግን አስቀድሞ ቁርጡን ይናገራል። ከመደወላችሁ በፊት የስዊቻችሁን ሞዴል፣ ስንት ስትሪም እንዳላችሁ፣ ሬዞሉሽንና ፍሬም ሬቱን፣ የሰርቨሩን የኔትወርክ ካርድ ዓይነት ጽፋችሁ ያዙ። የመጀመሪያው ጥያቄው እሱ ነው። ቅዳሜና እሁድ ብዙ ጊዜ ዝግጅት ላይ ስለሚሆን በሥራ ቀናት ብትፈልጉት ይሻላል።