ደሴ ላይ ያሰፋሁት ደብል ብረስት

ለጓደኛዬ ሰርግ ሚዜ ስለነበርኩ ደሴ ፒያሳ አካባቢ አንድ ልብስ ሰፊ ጋ ባለ ስድስት ቁልፍ ደብል ብረስት፣ ማለትም የኮቱ ፊት ተደራርቦ ቁልፎቹ በሁለት ረድፍ የሚደረደሩበት ሙሉ ልብስ አሰፋሁ። ትከሻው ልክክ ብሏል፣ ኮሌታውም ሹል ነው። እጅጌው ግን መዳፌን ሸፍኖት ሁለት ጊዜ መለስኩት፣ "ነገ ና" ማብዛቱማ አንጀቴን አሳረረው!

ጨርቁን አስባችሁ ምረጡ። ለደሴ ብርድ ወፍራሙ አሪፍ ነው፣ በዚያው ልብስ ኮምቦልቻ ከወረዳችሁ ግን በላብ ትጠመቃላችሁ፣ እኔ ደርሶብኛል። ደግሞ ይሄ ኮት ቆማችሁ ሳለ ተቆልፎ ነው የሚያምረው፤ ከተከፈተ የታላቅ ወንድም ኮት የተዋሳችሁ ነው የሚያስመስለው። የታችኛውን ቁልፍ ሳትቆልፉ ተዉት። የውስጠኛዋን ትንሽ ቁልፍ ግን እንዳትረሱ፣ የውስጡን ክንፍ ቀጥ አድርጋ የምትይዘው እሷ ናት።

ለሰርጉ ጥቁር ሰማያዊውን በነጭ ሸሚዝና በክራባት ለበስኩት፣ ለመልሱ ክራባቱን ጣልኩ። ለቢሮ ኮቱን ብቻ በግራጫ ሱሪ ሞክሬዋለሁ፣ ቁልፉ ወርቃማ ስላልሆነ ብዙም አልጮኸም። ለቅሶ ልሄድበት ስል ግን እናቴ "ኧረ ልጄ፣ ሚዜ ነው የምትመስለው" ብላ መለሰችኝና ጋቢ ደርቤ ሄድኩ።

ሰፊው ጋ እመለሳለሁ፣ ግን ከሰርጉ አንድ ወር ቀድሜ።