ሆንዳዬ ላይ ነፍስ ለዘሩት ጋሼ

ሰላም ለሁላችሁ፣ በተለይ ቨርጂኒያ፣ ሜሪላንድና ዲሲ ላላችሁ ወገኖቼ።

ይህን የምጽፈው አንድ ሰው ለማመስገን ነው። ስማቸው በአደባባይ እንዲወጣ አልፈለጉም። «ሥራዬን ተናገር፣ ስሜን ተወው» አሉኝ። ስለዚህ እዚህ ላይ ጋሼ ብቻ እላቸዋለሁ። የሚፈልጋቸው ሰው በውስጥ መስመር ይጻፍልኝ፣ እኔ አገናኘዋለሁ።

ጋሼ አሌክሳንድሪያ ውስጥ ባለች ጠባብ ጋራዥ የድሮ የጃፓን ሞተር ሳይክሎችን ይጠግናሉ። ሆንዳ፣ ያማሃ፣ ሱዙኪ፣ ካዋሳኪ። በወጣትነታቸው አዲስ አበባ ጋራዥ ውስጥ ነው ሙያውን የለመዱት። እዚህ አገር ከመጡ በኋላ ብዙ ዓመት የታክሲ መኪና ሲጠግኑ ኖረዋል። አሁን ጡረታ ላይ ናቸው፤ የሚሠሩት የሚወዱትን ብቻ ነው።

የኔዋ ሆንዳ ሲቢ 350 ናት፣ የ1972 ሥሪት። ለማታውቋት ላስተዋውቃችሁ። ከ1968 እስከ 1973 ነው የተሠራችው። በእነዚያ ዓመታት ከ300,000 በላይ ተሽጣለች። 350 ትባላለች እንጂ ትክክለኛ ልኳ 325 ሲሲ ነው። ባለ ሁለት ሲሊንደር ናት። ትንሽ ብትመስልም 36 የፈረስ ጉልበት ታወጣለች፣ ያውም በደቂቃ 10,500 ዙር እየዞረች። በዚያ ዘመን በቁልፍ ተጭነህ የምታስነሳት፣ ካቆምክባት ቦታ ላይ የዘይት ኩሬ የማትተው ሞተር ሳይክል ማግኘት ቀላል አልነበረም። እሷ ሁለቱንም አሟልታ መጣች። ለዚህ ነው ሕዝቡ የወደዳት።

እኔ የወደድኳት በሌላ ምክንያት ነው። አጎቴ የግብርና ሠራተኛ ነበር። መሥሪያ ቤቱ የሰጠው ያማሃ ነበረችው። ከመስክ ሲመለስ ከመንደሩ ጫፍ ድምጿን እሰማና ሮጬ እቀበለዋለሁ። ሰልባትዮው (የቤንዚን ታንኩ) ላይ ያስቀምጠኝና እስከ በሩ ያደርሰኛል። የጋለ ዘይትና የአቧራ ሽታው እስከ ዛሬ አፍንጫዬ ላይ አለ። አድጌ፣ ባሕር ተሻግሬ፣ ልጆች ወልጄ፣ አንድ ቀን እዚህ ሰፈር ውስጥ አንድ ሽማግሌ ግቢያቸው በር ላይ «የሚሸጥ» የሚል ወረቀት ለጥፈውባት አየኋት። በ1,800 ዶላር ገዛኋት።

ከገዛኋት ወዲህ ያወቅሁት ነገር ቢኖር ይህች ሞተር ሳይክል ሰው ታመጣለች። ነዳጅ ማደያ ላይ ቆሜ ሰው ሳያናግረኝ የሄድኩበት ቀን ጥቂት ነው። «እኔም ነበረችኝ» ይላሉ። አንዱ ከቬትናም ሲመለስ የገዛት እንደነበረች ነገረኝ። አንዷ ሴት ባሏ ሲያጫት በእንዲህ ዓይነቷ እየመጣ ነበር የሚወስዳት። ሰልባትዮዋን በእጇ ዳሰስ አድርጋ ዝም አለች። እኔም ዝም አልኩ። በዘር፣ በቋንቋ፣ በዕድሜ ከማንገናኝ ሰዎች ጋር እንዲህ ያገናኘኝ ሌላ ነገር የለም።

ችግሩ የጀመረው ሁለት ክረምት ሙሉ ሳልነዳት ቤንዚን ይዛ ስለቆመች ነው። እዚህ አገር የሚቀዳው ቤንዚን ብዙውን ጊዜ እስከ 10 በመቶ ኢታኖል አለበት። ሲቆም ይበላሻል፣ ሙጫ የመሰለ ዝቃጭ ይተዋል። ቤንዚንን ከአየር ጋር ቀላቅሎ ለሞተሩ በሚሰጠው ካርቡሬተር ውስጥ ደግሞ ቤንዚኑን እየመጠኑ የሚያሳልፉ ጄት የሚባሉ ትንንሽ የናስ ዕቃዎች አሉ። የትንሿ ጄት ቀዳዳ ግማሽ ሚሊሜትር እንኳን አይሞላም። ትንሽ ሙጫ ከያዛት አለቀ። ሆንዳዬ ትነሳለች፣ ሚኒሞ አትይዝም፤ ማለትም ጋዝ ሳይሰጣት በዝግታ እየዞረች መቆም አትችልም። ጋዝ ስሰጣት ታንቀጠቅጣለች፣ ትተነፍሳለች፣ ትጠፋለች።

መጀመሪያ የወሰድኳት ወደ አንድ ትልቅ ጋራዥ ነበር። ስሙን አልጠራም። 740 ዶላር አስከፈሉኝ። «ካርቡሬተሩን በአዲስ ዕቃ ሞልተነዋል» አሉኝ። ቤቴ ሳልደርስ መንገድ ላይ ቆመች። ስመልሳት «ሞተሩ አልቋል፣ ባትደክም ይሻላል» አሉኝ። የካርቡሬተሩ ክዳን ላይ ያሉት ብሎኖች አናታቸው ተልጧል። ያን ቀን ውስጤ በጣም ተጎዳ። ለመሸጥም አስቤ ነበር።

ጋሼን የጠቆመኝ አብሮኝ የሚነዳ ጓደኛዬ ነው። ያማሃ ኤክስኤስ 650 አለችው። «የአገርህ ሰው ናቸው፣ እንዴት አታውቃቸውም?» አለኝ።

ጋሼ ሆንዳዬን ሲያዩ የመጀመሪያ ንግግራቸው ስለ ብሎኖቹ ነበር። «ይህን ያደረገው ካቻቪቴው ነው» አሉ። ለካ የጃፓን ብሎን አናት ላይ ያለው መስቀል እዚህ ከለመድነው ጋር ይመሳሰላል እንጂ አንድ አይደለም። የራሱ ካቻቪቴ አለው። በሌላው ስትፈታው ይንሸራተትና አናቱን ይልጠዋል። በብዙዎቹ ብሎኖች አናት ላይ ምልክት የምትሆን ትንሽ ነጥብ አለች። ስንት ዓመት ስፈታና ሳስር ያቺን ነጥብ አይቻት አላውቅም ነበር። የድሮ የጃፓን ሞተር ያላችሁ ሁሉ ሌላ ምንም ሳትገዙ መጀመሪያ ያንን ካቻቪቴ ግዙ።

ከዚያ ሞተሩን አስነሱና ውሃ በኩባያ አምጣ አሉኝ። ጣታቸውን ነክረው በግራው ጭስ ማውጫ ላይ ጠብ አደረጉ። ጭ አለ። በቀኙ ላይ ጠብ አደረጉ። ውሃው ዝም ብሎ ወረደ፤ የቀኙ አልጋለም። «አየህ ልጄ፣ አንድ እግሯ ተኝቷል» አሉኝ። የቀኙን ካንዴላ (እሳት የሚረጨውን ዕቃ) ሲፈቱት ጥቀርሻ ለብሶ ከሰል መስሏል። ቤንዚን በዝቶበት ታፍኗል ማለት ነው። በደቂቃ ውስጥ፣ ያለ ምንም ኮምፒውተር፣ በሁለት ጠብታ ውሃ!

እኔ ወዲያው ካርቡሬተሩን የሚፈቱት መስሎኝ ነበር። አልነኩትም። «መጀመሪያ ቫልቩ፣ ቀጥሎ እሳቱ፣ በመጨረሻ ካርቡሬተሩ» አሉ። ቅደም ተከተሉን አያዛንፉም። ቫልቭና እሳት (ማቀጣጠያው) ሳይስተካከል ካርቡሬተር የሚነካ ሰው ችግሩን ይደብቀዋል እንጂ አያገኘውም አሉኝ። ሞተሩ አድሮ ሲቀዘቅዝ የቫልቮቹን ክፍተት ለኩ። ማስገቢያው 0.05 ሚሊሜትር፣ ማስወጫው 0.10 ሚሊሜትር መሆን አለበት። እንደ ወረቀት የሳሳች ብረት ይዘው እኔንም እንድለካ አደረጉኝ። «ሳትታገልህ፣ ግን ይዛህ መውጣት አለባት» አሉ። ሦስት ጊዜ አስደገሙኝ። አሁን ራሴ እችላለሁ።

ካርቡሬተሩ ሲከፈት አዲሶቹን ጄቶች አውጥተው መብራት ላይ ያዟቸው። ርካሽ ዕቃዎች ናቸው። የቀኙና የግራው ቀዳዳ እንኳን እኩል አይደለም። ፊታቸውን ወደ እኔ አዙረው «የወጡት አሮጌዎቹ የት አሉ?» አሉኝ።

ደነገጥኩ። ያ ጋራዥ አሮጌውን ዕቃ በትንሽ ላስቲክ ጠቅልሎ ሰጥቶኝ ነበር። ጥዬው ይሆን? ከጋሼ ጋራዥ እስከ ቤቴ 40 ደቂቃ ነው። ልቤ ተሰቅሎ ሄድኩ። ላስቲኩ የልጄ የስኬቲንግ ጫማ ያለበት ሳጥን ውስጥ ተገኘ። ይዤላቸው ስመለስ ጋሼ እንደ ወርቅ በሁለት እጃቸው ተቀበሉኝ። በጃፓን የተሠሩ፣ ካርቡሬተር የሚሠራው የኬይሂን ኩባንያ ዕቃዎች። «እነዚህ ሌላ ሃምሳ ዓመት ይሠራሉ። የቆሸሹ እንጂ ያረጁ አይደሉም» አሉ።

ጄቶቹን በትንሽ ማጠቢያ ፈሳሽ ውስጥ ዘፍዝፈው አሳደሯቸው። በማግስቱ ከኤሌክትሪክ ገመድ ውስጥ አንዲት የመዳብ ክር መዘው በቀዳዳዎቹ ውስጥ ቀስ ብለው አሳለፏት። የብረት ሽቦ አይነካቸውም፤ ናሱን ይቧጥጠውና ቀዳዳውን ያሰፋዋል። ከዚያ አንድ በአንድ ወደ መብራቱ አነሷቸው። ብርሃኑ ክብ፣ ጥርት ያለ ነጥብ ሆኖ እስኪታይ ድረስ አልተዋቸውም። አንዷን አምስት ጊዜ መለሷት። አጠገባቸው ቆሜ ሳያቸው አንድ ነገር ገባኝ። ጋሼ ሥራውን የለመዱት መለዋወጫ እንደ ልብ በማይገኝበት ቦታ ነው። ዕቃ መጣል አያውቁም፣ ዕቃውን ማዳን ነው የሚያውቁት። ሃምሳ ዓመት ለሞላት ሆንዳ ደግሞ የሚያስፈልጋት ልክ እንዲህ ያለ እጅ ነው።

በመጨረሻ ሁለቱን ካርቡሬተሮች እኩል እንዲተነፍሱ አስተካከሉና «በእግርህ አስነሳት» አሉኝ። ቁልፍ መጫን አልፈቀዱልኝም። አንድ ጊዜ ረገጥኩ። ሁለተኛ ስረግጥ ተነሳች። ሚኒሞዋ 1,200 ላይ ቆመ፣ አልተነቃነቀም። ያቺ የሁለት ሲሊንደር ድምፅ፣ ተከታትላ የምትመጣዋ፣ ጋራዡን ሞላችው። ጋሼ ዓይናቸውን ጨፍነው ትንሽ ካዳመጡ በኋላ ጭንቅላታቸውን ነቀነቁ። እኔ እንባዬ መጣ፣ አልደብቅም።

ያስከፈሉኝ 260 ዶላር ነው። የሠሩትን ሁሉ በእጃቸው ጽፈው ሰጡኝ። ያወጧቸውን ዕቃዎችም መለሱልኝ። ባትሪውንም ይቀይሩልኝ ብዬ ነበር፣ «ገና አንድ ዓመት ያገለግልሃል፣ ገንዘብህን አታባክን» ብለው እምቢ አሉ።

እንዳትቸገሩ አንዳንድ ነገር ልንገራችሁ። ጋሼ አይቸኩሉም። የኔዋ ሦስት ሳምንት ቆይታለች። የጽሑፍ መልእክት አይመልሱም፣ መደወል ነው። እሁድ ቤተ ክርስቲያን ናቸው። ቀለም አይቀቡም፣ ኒኬልም አያስነክሩም። የሞተር ሳይክሉን ሻሲ ቆርጠው መልኩን እንዲቀይሩላችሁም አትጠይቋቸው፣ አያደርጉትም። አዳዲሶቹን ኮምፒውተር ያላቸውንም አይቀበሉም፣ ለእነሱ ሌላ ሰው አለ ይላሉ። ስትሄዱ ከሞተራችሁ የወጣ አሮጌ ዕቃ ካላችሁ ሁሉንም ይዛችሁ ሂዱ። ዝገት የበላው እንኳን ቢሆን።

ባለፈው ወር ከጓደኞቼ ጋር ስካይላይን ድራይቭን ጫፍ እስከ ጫፍ ነዳነው። ከፍሮንት ሮያል ጀምሮ በሸናንዶአ ብሔራዊ ፓርክ ውስጥ በብሉ ሪጅ ተራሮች ጀርባ ላይ የሚሄድ የ105 ማይል መንገድ ነው። የፍጥነት ወሰኑ 35 ማይል ስለሆነ ለእንደኛ ዓይነቶቹ ተብሎ የተሠራ ነው የሚመስለው። የጓደኛዬ ያማሃ ከፊት፣ በውሃ የሚቀዘቅዝ ሞተር ያላት ሱዙኪ ጂቲ 750 ሰማያዊ ጭሷን እየለቀቀች ከኋላ፣ በመሃል ደግሞ አንድ ጡረተኛ መምህር በ1969 ለገበያ የቀረበውን ባለ አራት ሲሊንደር ሆንዳ ሲቢ 750 ይዞ። እኔ በትንሿ። አንዴም አልጠፋችብኝም። ቢግ ሜዶውስ የሚባለው ማረፊያ ላይ አቁመን ቡና ስንጠጣ መምህሩ የኔዋን ሚኒሞ ቁጭ ብሎ አዳመጠና «ማን ነው የሠራልህ?» አለኝ። በማግስቱ ወደ ጋሼ ወሰድኩት። አሁን የእሱ ሆንዳ እዚያ ናት፣ አራቱም ካርቡሬተሮቿ ጠረጴዛ ላይ ተደርድረዋል።

ጋሼ፣ ይህን ልጅዎ እንደሚያነብልዎ አውቃለሁ። እግዚአብሔር ዕድሜና ጤና ይስጥልኝ። እጅዎ ይባረክ። ዛሬ ጠዋት ለሥራ ከመውጣቴ በፊት አስነስቻት በኩባያ ውሃ ይዤ ወጣሁ። በግራው ጠብ አደረግሁ፣ በቀኙም ጠብ አደረግሁ። ሁለቱም ጭ አሉ።